አጎቴ ያልቀረበበት ምሳ

«ልጅ እያለን ሰው ይዋደድ ነበር፤ ፍቅር ድሮ ቀረ» የሚል ሰው ሲገጥመኝ ደሜ ይፈላል። ኧረ ወዲያ! እኔም እኮ እዚያው ድሮ ነበርኩ። ያየሁትን አይቻለሁ።

በጃንሆይ ጊዜ ነው። አገራችን ዘንገና ሐይቅ አጠገብ ነው፤ ሰኔ ሲገባ መሬቱ ውሃ ጠጥቶ የሚሸተው ሽታ እስካሁን ካፍንጫዬ አልጠፋም። የእናቴ ታናሽ ወንድም ቢያድግልኝ ከእኛ ጋር ይኖር ነበር። ሠላሳ ዓመት አልፎት ከአምስት በላይ መቁጠር አይችልም፤ አንድ ነገር ሁለቴ ካልነገሩት አይገባውም። የመንደሩ ልጆች «ቢያድግልኝ፣ መቼ ነው የምታድገው?» እያልን እናሾፍበት ነበር። እያልን ነው ያልኩት፤ እኔም ነበርኩበት።

እንክርዳድ ለቀማ ላይ ግን የሚደርስበት አልነበረም። የዘር ገብስ ውስጥ የቀረ እንክርዳድ አብሮ ይበቅላል፤ ዳቦው ሲበላ አናት ያዞራል፣ ያስታውካል። ስለዚህ ደቦው ከመዝራቱ በፊት ጎረቤቱ ሁሉ ዘሩን እኛ ግቢ ያመጣል። አጎቴ ቁርበት ላይ ተቀምጦ፣ ሰፌዱን ጭኑ ላይ አድርጎ፣ ምላሱን በከንፈሩ ጥግ አውጥቶ አንድ በአንድ ይለቅማል። በደቦው ምሳ ላይም ከወንዶቹ መሃል ቦታ ነበረው። ያችን ቦታውን እንዴት እንደሚወዳት! ከሁሉ ቀድሞ እጁን ታጥቦ የሚጠብቀው እሱ ነበር።

አንድ ዓመት ዝናቡ ቀደመ። የደቦው አለቃ አያ ዋሴ መጣና «ይሄ ጅል አንድ ቁና ለቅሞ እስኪጨርስ መስከረም ይጠባል» ብሎ ሰፌዱን ከእጁ ነጠቀው። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። አጎቴም ሰው ሲስቅ አይቶ ሳቀ። እናቴ ብቻ «አያ ዋሴ፣ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ሲባል አልሰሙም?» አለች። ማን ሰምቷት!

የጎረቤቱ ዘር ሳይለቀም ተዘራ። ምሳ ሲቀርብ አጎቴ እንደ ልማዱ እጁን ታጥቦ መጣ። «ያልሠራ አይቀርብም፤ ሂድ ጓሮ ጠብቅ» አለው አያ ዋሴ። አጎቴ እዚያው ቆመ። ሁለተኛ ሲነገረው ገባውና እርጥብ እጆቹን ከፊቱ እንደያዘ ወደ ጓሮ ሄደ። እኔ በላሁ። ወይ ነዶ! ሽሮው ጣፍጦኝ በላሁ።

ታኅሣሥ ላይ የአዲሱ ገብስ ዳቦ ተበላና መንደሩ ተዘረረ። አያ ዋሴ ጠላ ሳይቀምስ እየተንገዳገደ፣ አጥር ተደግፎ ሲያስታውክ በዓይኔ በብረቱ አየሁ። ደህና የነበረው የእኛ ቤት ብቻ ነው፤ ለካ እናቴ የእኛን ዘር ደብቃ ለአጎቴ ሰጥታ አስለቅማ ኖሯል።

በዓመቱ ሰኔ ሲመጣ ስልቻውን ተሸክሞ ደጃችን ያልቆመ የለም። ይቅርታ ያለስ? አንድም! «ቢያድግልኝ፣ እጅህ ይባረክ» ብቻ ነው። አያ ዋሴ ራሱ «ና፣ ቅረብ» ብሎ ከጎኑ አስቀመጠው፤ አጎቴም ደስ ብሎት በላ። እሱ ቂም አያውቅም። ቂሙን የያዝኩለት እኔ ነኝ። እስቲ አሁን ዳቦው ባያሳምማቸው ኖሮስ? ዕድሜ ልኩን ጓሮ ሊበላ ነበር?

አጎቴ ካረፈ ቆየ። ያ የገብስ ማሳም ዛሬ ለከሰል የሚቆረጥ ዛፍ ሆኗል። ባለፈው ሳምንት ደግሞ እዚህ ዳንግላ አንዲት ጎረቤቴ ምሳ ጠራችን። እንግዶቹ «ድሮ እኮ ሰው ይዋደድ ነበር» እየተባባሉ ጨዋታው ሲደራ፣ ከጓሮ የአንድ ክፍል በር ከውስጥ ይደበደባል። ሪዝ ያበቀለ ልጇ ነው፤ እንደ አጎቴ ነው።

«እንዳያስቸግርዎት ብዬ ነው እትዬ፤ እንግዳ ሲመጣ እዘጋበታለሁ» አለች፣ ማንቆርቆሪያውን ይዛ እጄን ልታስታጥበኝ ጎንበስ እያለች።

እጄን ሰበሰብኩ።

«እኔ አልታጠብም» አልኳት። «መጀመሪያ እሱን አስታጥቢልኝ።»