በጎን የቀረ ሰላምታ

ፋናዬ ተወልዳ ያደገችው ጅቡቲ፣ ካርቲዬ ሁለት በሚባለው ሰፈር ውስጥ ነው። አባቷ ከኢትዮጵያ የመጡ የባቡር መካኒክ ነበሩ። እሳቸው ካለፉ በኋላ እሷ ግቢው በር ላይ የስፌት መኪናዋን ዘርግታ በልብስ ስፌት መተዳደር ጀመረች። ሠላሳ ዓመት እዚያው በር ላይ ስለተቀመጠች፣ «እኔ ሰውን አረማመዱን አይቼ ልቡን አውቃለሁ» ትል ነበር። ጎረቤቶቿም ያምኗት ነበር።

ሙንተሃ ከድሬዳዋ መጥታ ግቢው ውስጥ አንዲት ክፍል ስትከራይ ፋናዬ የአገሬ ልጅ መጣችልኝ ብላ ደስ አላት። በማግስቱ ጠዋት ሙንተሃ ሄሮን በሚባለው ሰፈር ወደምትሠራበት ቤት ልትሄድ ስትወጣ፣ ፋናዬ አፏ ውስጥ መርፌ ይዛ ስለነበር እጇን አንስታ በፈገግታ ሰላም አለቻት። ሙንተሃ ቀጥ ብላ አለፈች። በሦስተኛው ቀንም እንዲሁ።

ለፋሲካ ፋናዬ ዳቦ ቆርሳ በሳህን ይዛ ከሙንተሃ ጎን ጠጋ አለች። ሙንተሃ ድንገት ስትዞር ክንዷ ሳህኑን መታውና ዳቦው አፈር ላይ ተበተነ። ደንግጣ የማይሰማ ነገር አጉተመተመችና ክፍሏ ገባች።

«ከክርስቲያን እጅ አልበላም ማለቷ ነው» አለች ፋናዬ፣ ልብስ ታጥብ ለነበረችው ለጎረቤቷ ለኢክላስ።

ኢክላስ ራሷ ሙስሊም ናት፤ ነገሩ አናደዳት። «እኛ ስንት ዘመን ካንቺ እጅ የበላነውስ? ከእኛ በልጣ ነው?»

ወሬው በዚያው ቀን ለሌላዋ ጎረቤት ለሲምቦ ደረሰ፤ ከሲምቦ ደግሞ ለሁሉም። ሙንተሃ ውሃ ልትቀዳ ስትመጣ ሴቶቹ ጨዋታቸውን ያቋርጡ ጀመር። እሷም ቀድታ ትመለሳለች።

ግንቦት ላይ ሠራተኞች መጥተው ከግቢው በር ፊት ለፊት የፍሳሽ ቦይ ቆፈሩ። መሻገሪያው በስተግራ የተጣለች አንዲት ጣውላ ብቻ ነበረች። ሁሉም «ጉድጓዱን ተጠንቀቂ» ተባባሉ። ለሙንተሃ የነገራት አልነበረም።

በነጋታው ጠዋት ሙንተሃ ወጣች፤ ዓይኗን ወዲያ ማዶ መንገዱ ላይ ተክላ በቀጥታ ወደ ቦዩ ሄደች። ፋናዬ አየቻት። ጣውላውን እንደሳተችም አየች። ሁለት እርምጃ ቀርቷል። «ይህን የሚያክል ጉድጓድ ይጠፋታል? ብናገርስ መቼ ትመልስልኛለች» አለች በልቧ፤ አጎንብሳም መስፋቷን ቀጠለች። ወዲያው ጩኸቱ ተሰማ።

ሆስፒታል አብራት የሄደችው ፋናዬ ናት፤ ፈረንሳይኛ የምትችለው እሷ ነበረችና። የሙንተሃ እግር ተሰብሯል። ሐኪሙ ግን ከእግሯ ይልቅ አወዳደቋ አሳሰበው። ጣቱን ከጎኗ እያንቀሳቀሰ ስንት ጊዜ ቢሞክር አላየችውም። የዓይን ሐኪም ተጠርቶ ረጅም ሰዓት መረመራትና ወደ ፋናዬ ዞሮ ተናገረ።

ፋናዬ ተረጎመችላት። «ከፊት ለፊትሽ ያለውን ብቻ ነው የምታይው ይላል። በቱቦ አሾልቆ እንደሚያይ ሰው። ጎንና ጎንሽን፣ እግርሽ ሥር ያለውንም አታይም።»

«አያለሁ እኮ» አለች ሙንተሃ ግራ ገብቷት። «ሲመሽ ብቻ ነው የሚያስቸግረኝ።»

«ቀስ በቀስ ስለሆነ የጠፋብሽ አላወቅሽውም። መድኃኒትም የለውም ይላል።»

ሙንተሃም፣ «እኔ እኮ የግቢው ሰው የጠላኝ መስሎኝ ነበር» አለች። «አንድ ቀን እንኳ ሰላም ያለኝ የለም።»

ፋናዬ ያቺን የበሩን ሰላምታ ልትነግራት አሰበችና ተወችው። ከዚያ የከፋ የምትናገረው ነበራት።

«ወደ ጉድጓዱ ስትሄጂ አይቼሽ ነበር።»

«ስወድቅ?»

«ከመውደቅሽ በፊት።»

«እና ዝም አልሽኝ?»

«ዝም አልኩሽ።»

ሙንተሃ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። «ወንድሜን ጥሪልኝ» አለች።

ወንድሟ ዓብዱረዛቅ መጥቶ ባልባላ ወደሚገኘው ቤቱ ወሰዳት። ፋናዬ ለግቢው ሴቶች አንድም ሳትደብቅ ነገረቻቸው። ኢክላስ አለቀሰች። ሲምቦ ግን፣ «ቢሆንም ኩራት ነበረባት» ብላ ድርቅ አለች። ፋናዬ ደጋግማ ልታስረዳት ሞከረች፤ ያንን ወሬ አምና የተቀበለችው ከራሷ ከፋናዬ አፍ ነውና በምን ታስጥላት?

ፋናዬ ዓርብ ዓርብ ሚኒባስ ተሳፍራ ባልባላ ትሄዳለች። ሙንተሃ ታስገባታለች። ስለ እግሯ፣ ስለቀረው ሥራዋ፣ ስለ ሙቀቱ ያወራሉ። አንድ ቀን ፋናዬ መታገሥ አልቻለችምና፣ «ይቅር በይኝ» አለቻት።

«እትዬ ፋናዬ፣ ዓይኔን ያጠፋሽው አንቺ አይደለሽም።»

«ስለ ዓይንሽ አይደለም የምልሽ።»

«አውቃለሁ» አለች ሙንተሃ። «ይቅር ብዬሻለሁ» ግን አላለችም። ፋናዬ ጥቂት ጠበቀች፤ ከዚያ ነጠላዋን አጣፍታ ተነሣች።