ኢያ አዲጉን ዝም ያለችበት ቀን

ኢያ አዲጉንን ዝም የሚያሰኝ ሰው ከተማችን ኢሴይን ውስጥ ገና አልተወለደም። ይህን የምለው ለሐሜት አይደለም፤ ሃያ ሁለት ዓመት ከጎኗ ቆሜ ከበሮ ስመታ የደነቆረው ግራ ጆሮዬ ምስክሬ ነው። ሥራዋ የሠርግ አፈ ጉባኤነት ነው። የሙሽራው ወገን ሊለምን ሲመጣ እሷ በሙሽሪት ቤት በር ላይ ተደላድላ ትቀመጥና ታንበረክከዋለች፣ ታስዘፍነዋለች፣ ታላግጥበታለች። ሙሽራውንና ጓደኞቹን ለአክብሮት መሬት ላይ በሆዳቸው ታስተኛለች። «አልታየኝም፣ ድገሙት!» ትላለች። አንድ የባንክ ሥራ አስኪያጅ ሰባት ጊዜ ብታስተኛው፣ በስምንተኛው «ትራስ አምጡልኝ፣ እዚሁ ልደር» ብሏል።

ልጅ ሳለች ከመዘምራን የተባረረችው ቄሱን አቋርጣ ስብከታቸውን ስላረመች ነው። ባሏ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ጨዋ ሰው ነበር፤ ጀምሮ የጨረሰው ወሬ ግን ትዝ አይለኝም። የቀራት አንድ ልጇ አዲጉን ነው፤ ኢያ አዲጉን ማለትም የአዲጉን እናት ማለት ነው። እሱም እንደ አባቱ አድማጭ ሆኖ አደገ።

ይኸው አዲጉን አቢኬ የምትባል ነርስ ወደደ። የአቢኬ አባት ጡረታ የወጡ ርዕሰ መምህር ናቸው፤ ዝንብ እንኳ ሳታስፈቅድ በፊታቸው አታልፍም። የአማቻቸው እናት ማን እንደሆነች ሲነገራቸው መልሳቸው አጭር ነበር፦ «ያቺ ሴትዮ ቤቴ ውስጥ አንዲት ቃል ብትተነፍስ፣ ልጄን አልሰጥም።»

አዲጉን እናቱ እግር ላይ ወደቀ። «እማዬ፣ ለግማሽ ቀን ብቻ። በእኔ ሞት!»

«እኔ ደግሞ መቼ አወራለሁ?» አለች ኢያ፣ ከልቧ ተገርማ። ከዚያ ዝም እንደምትል ቃል ገባችና፣ እንዴት ዝም እንደምትል አንድ ሰዓት ሙሉ አወራች።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ሙሽሪት ቤት ደረስን። በሩ ላይ የተቀመጠችው ሲካራቱ ናት። ሲካራቱን ይህን ሥራ ያስተማረቻት ኢያ ራሷ ስትሆን፣ «አፏ ረዘመ» ብላ ያባረረቻትም እሷው ናት። በእኛ በኩል እንድትለምን የቀጠርናት ሴት ደግሞ ጉንፋን ይዟት እንደ ጫጩት ትጮኻለች። ጉድ ፈላ አልሁ በልቤ።

«የሙሽራው እናት የታለች?» አለች ሲካራቱ። «አሃ፣ ያቺ ናት? ተንበርከኪ እስቲ! ወይ ጉድ፣ ጉልበቷ እንደ አሮጌ በር ሲጢጥ አለ! ሰላምታ የለም እንዴ? ወይስ ምላሷን እቤት ረስታው መጣች?»

ሰው በሳቅ ፈረሰ። ኢያ ከንፈሯን ነከሰች፤ ራሷ ላይ የጠመጠመችው ሻሽ ብቻ ይንቀጠቀጣል። ድንገት ባቴን ቆነጠጠችኝ።

እኛ ዘንድ ከበሮ ቋንቋ አለው። በብብቴ ሥር ጨምቄ ስመታው ድምፁ እንደ ሰው ንግግር ከፍ ዝቅ ይላል፤ ሕፃን ልጅ እንኳ የሚለውን ይሰማል። ቁንጥጫዋም ምን በል እንደሚለኝ ገባኝ። «ሲካራቱ፣ ሲካራቱ፣ ያጎረሰሽን እጅ የነከስሽ፣ ማን አሳደገሽ?» አለ ከበሮዬ።

«አያንዴሌ!» ጮኸች ሲካራቱ። «አንተ ሽማግሌ፣ ማን ተናገር አለህ?»

«እኔ ምን አልሁ? ከበሮው ነው።»

ሁለተኛ ቁንጥጫ፦ «የተዋስሽውን ቀሚስ መቼ ትመልሺያለሽ?» ሦስተኛ ቁንጥጫ፦ እሱ እንኳ እዚህ አይጻፍም። የሙሽሪት አክስቶች ሳይቀሩ እንባቸውን እየጠረጉ ሳቁ።

ሲካራቱ ንዴቷን በሙሽራው ላይ ተወጣች። «ሙሽራው፣ ተኛ! አልታየኝም፣ ድገም!» ስድስት ጊዜ አስተኛችው። ነጭ ልብሱ አቧራ ለበሰ፣ አገጩ ተፋቀ። ቁንጥጫው ቆመ። ዞር ብዬ ሳይ ኢያ ታለቅሳለች። ስንት የሰው ልጅ እንዲህ አስተኝታለች! የእኔም ሳቅ ጠፋ።

በዚህ መሃል የአቢኬ አባት ተነሡ። ቀጥ ብለው ወደ እኔ መጡ። «ይህ ከበሮ የተናገረው የማን ቃል ነው?»

የእሷ ነው ብል ሠርጉ አለቀ። ርዕሰ መምህር ፊት ደግሞ አይዋሽም። «ጌታዬ፣ አፏን አልከፈተችም» አልሁና ሱሪዬን ሰበሰብሁ። ባቴ እንደ በሰለ ሙዝ ተዥጎርጉሯል።

አባትየው ጎንበስ ብለው አዩት። ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ተቆጡ ብዬ ልሮጥ ስል፣ ለካ እየሳቁ ነው። «አፏን ስፈራ እጇን ረሳሁት!» አሉ። «ኢያ አዲጉን፣ በሉ ይናገሩ። ፈቅጃለሁ።»

ሰው ሁሉ ወንበሩን አስጠጋ። ሲካራቱ ለስጦታ ከተከመረው ያም የሚሉት ሥራሥር ጀርባ ተሸሸገች። ኢያ አፏን ከፈተች፤ መልሳ ዘጋችው። በመጨረሻ፣ በሃያ ሁለት ዓመት ሰምቼው በማላውቀው ቀጭን ድምፅ፣ «ልጃችሁን ስጡኝ» አለች። «ልጄንም አልፎ አልፎ መልሱልኝ። ቤት ውስጥ የሚሰማኝ እሱ ብቻ ነበር።»

አንድም ሰው አልሳቀም። አቢኬ ሳትጠራ ከጓዳ ወጣችና በኢያ ፊት ተንበረከከች። «እኔ እሰማዎታለሁ፣ እማማ» አለች።

ምስኪን፣ የተናገረችውን አላወቀችውም። ኢያ እጇን ጥብቅ አድርጋ ያዘችና እዚያው ወሬዋን ጀመረችላት።