በፍልሰታ የተጠጣ እርጎ

ተስፋ ከሰማይ ይወርዳል የሚሉ ሰዎች አሉ፤ ይውረድላቸው፣ እኔ ምን ገዶኝ። እኛ ቤት ግን ከገብስ ነበር የሚሠራው። ገብሱ ይታመሳል፣ ይፈጫል፣ ጨው ይገባበታል፣ በትንሽ አቁማዳ ይታሰራል። በሶውን የምታዘጋጀው የወንድሜ ሚስት ነበረች፤ ዱር ላለው ባሏ ስንቅ ብላ። ተሸክሜ የምወስደው እኔ ነበርኩ። ወንድሜ ደግሞ ሞቶ ነበር።

ከሥሩ ልጀምር። ያኔ ጣሊያን ቡሬ ላይ ምሽግ ሠርቶ ተቀምጧል። የኛ መንደር ከቡሬ ወደ ሽንዲ በሚወስደው በኩል የግማሽ ቀን መንገድ ነው። ከወንዶቹ ገሚሱ ዱር ገብቷል፣ ገሚሱ ባንዳ ሆኗል፣ የቀሩት ሽማግሎች ናቸው። እኛ ቤት የቀረነው ሦስት ሴቶች ነን፦ እናቴ፣ የወንድሜ ሚስትና እኔ። እኔ ያኔ ሃያ ዓመት ቢሆነኝ ነው። ዛሬ ፍኖተ ሰላም በሚሉት አገር ድረውኝ፣ ሰላም አጥቼበት፣ ባሌን ፈትቼ የተመለስኩ ነገረኛ ነበርኩ። አፌ አያርፍም። ይኸው አፌ ነው በኋላ ጉድ ያፈላው።

በሰኔ መጀመሪያ ከወንድሜ ጓደኞች አንዱ እናቴንና እኔን ምንጭ ላይ ጠብቆ አገኘን። ገና ፊቱን ሳይ ገባኝ። ወንዝ ሲሻገሩ ባንዳ አድፍጦ ተኮሰባቸው፤ ወንድሜ እዚያው ወደቀ። «ቀብረነዋል» አለ ሰውየው፣ መሬት መሬቱን እያየ። «ጸሎት የሚያውቅ አልነበረንም። አቡነ ዘበሰማያት ብለን አፈር አለበስነው።» ልጮህ አፌን ስከፍት እናቴ በመዳፏ አፈነችኝ። እጇን ነከስኳት። አለቀቀችኝም።

«እርጉዝ ናት» አለች። «እርጉዝ ናት፣ አንች። አፍሽን ዝጊ።»

በኛ አገር ለነፍሰ ጡር መርዶ አይነገርም። ትወልዳለች፣ ልጁ ክርስትና ይነሳል፣ ከዚያ ጎሕ ሲቀድ ጎረቤት ተሰብስቦ ያረዷታል። እስከዚያ አገሩ ሁሉ ቢያውቅ እንኳ እሷ ፊት ይስቃል። የወንድሜ ሚስት ደግሞ የአራት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች፤ ከዚያ በፊት ሁለት ጊዜ ወርዶባታል። ሁለተኛው የወረደው አንድ ችኩል ዘመድ የአባቷን ሞት ሜዳ ላይ ድንገት ሲነግራት ነው። አሁን በሆዷ ያለው ከወንድሜ የቀረን ብቸኛ ነገር ነው። እሱም ከወረደ ወንድሜ ሁለተኛ ሞተ ማለት ነው።

«ክርስትና እስክናነሳ ድረስ ልጄ አልሞተም። ሰማሽ?» አለች እናቴ። ፊቷን ታጠበች፣ እንስራዋን ሞላች፣ ወደ ቤት ሄድን። የወንድሜ ሚስት ከበር ላይ ሆና «ምነው ዘገያችሁ?» አለችን። እናቴ «ወረፋ ነበር» አለቻት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እናቴ ለቅሶ ቤት ማሳደድ ጀመረች። አራት ደብር ድረስ፣ ዘመድ ይሁን ባዳ ሳትለይ፣ ማንም ሞተ ከተባለ ነጠላዋን አጣፍታ ትሄዳለች። በዚያ ዘመን ደግሞ ሟች አይጠፋም። በማታውቀው ሰው ሬሳ ላይ ደረቷን እየደቃች ታለቅሳለች፤ የሟች ዘመዶች «ይህች ሴት ምናችን ናት?» እየተባባሉ ያፅናኗታል። ወደ ቤት ስትመለስ ዓይኗ አብጦ ነው። የወንድሜ ሚስት «እናቴ፣ ምነው ራስዎን ባይጎዱ» ትላለች፣ እናቴም «ሰው ሞቶባቸው እኮ ነው፣ ሰው አይደሉ?» ትላለች። እኔ ያም አልነበረኝም። ፈት ሴት በማታውቀው ሰው ለቅሶ ከጮኸች ወሬ ነው።

የኔ ሥራ ስንቅ መውሰድ ነበር። ወንድሜ በሕይወት ሳለ በየአሥራ አምስት ቀኑ «ሽንዲ ገበያ ጨው ልገዛ» እያልኩ ወደ ቆላው እወርድ ነበር። ቢቀር የወንድሜ ሚስት ትጠረጥራለች። ስለዚህ ቀጠልኩ። ለመጀመሪያ ጊዜ ስሄድ የወንድሜ ጓደኞች ሦስት ሆነው ገደል ሥር ተቀምጠዋል፤ አቁማዳውን ሲያዩ ማንም እጁን አልዘረጋም። አንደኛው «የሞተ ሰው ስንቅ አልበላም» አለ። ተናደድኩ። «ብላ! እሷ ሆዷን ይዛ ፈጭታው፣ እኔ ይህን ሁሉ ቁልቁለት ተሸክሜው፣ አንተ ልትኮራብኝ ነው? ብላ!» አልኩት። እያለቀሰ በላ። እኔ ቆሜ አየሁት።

የሚከብደው መመለሱ ነው። የወንድሜ ሚስት ከሩቅ ስታየኝ ትነሳለች። «ምን አለ? እግሩ ዳነለት? ጢሙን ተላጨ ወይስ እንደዚያው ነው?» በመጀመሪያ «ደህና ነው» ብቻ እል ነበር፤ ፊቷ ይጨልማል፣ ያን ቀን እህል አትቀምስም። ከዚያ መላው ገባኝ። ትልቅ ነገር ብነግራት፣ ጣሊያን ሊወጣ ነው፣ ንጉሡ ሊመጡ ነው ብላት፣ አታምነኝም፤ እንዲህ ያለ ወሬ ስንት ጊዜ ሰምታ አዝናለች። እግሩን በሬት አሸሁለት፣ ቁስሉ ቅርፊት ይዟል፣ ያችን ግራ ጆሮውን እያከከ ሳቀብኝ ስላት ግን ትበላለች። ሰው የሚያምነው ትንሹን ነገር ነው። ስለዚህ ዳገቱን ስወጣ ትንንሽ ነገር እያሰብኩ እወጣለሁ። ከለቀምኩት ብዛት፣ እናንተው ፍረዱኝ፣ አንዳንድ ጊዜ የምናገረው ለኔም እውነት ይሆንብኝ ነበር። ቤት እስክደርስ እቸኩላለሁ። ደርሼ የእናቴን ዓይን ሳይ ነው መሞቱ ትዝ የሚለኝ።

በነሐሴ፣ በፍልሰታ ጾም መካከል፣ ዝናብ ደብድቦኝ፣ ደክሞኝ ተመለስኩ። ትንሽ ነገር ሳላስብ መምጣቴ ነበር። «ከሳ?» አለችኝ። «ኧረ ምን ይከሳል!» አልኩ። «አንዲት ባልቴት አንድ ቅል እርጎ አምጥታላቸው፣ ዓይኔ እያየ ነው ጥርግ አድርጎ የጠጣው።»

የወፍጮው ድምፅ ቆመ። መጁን በሁለት እጇ እንደያዘች ቀና አለች።

«እርጎ? በፍልሰታ?»

ወንድሜ ከሰባት ዓመቱ ጀምሮ ፍልሰታን ገድፎ አያውቅም። በኛ አገር እንኳን እሱ፣ ሕፃን ይጾመዋል። ምላሴን ቆርጬ ብጥለው ደስ ባለኝ። እናቴ ከጓዳ ወጣች፤ ድምፅዋ ጭራሽ አልተለወጠም። «የነፍስ አባታችን ፈትተዋቸው ነው። ዱር ያለ ሰው ያገኘውን ይብላ ብለዋል።» የወንድሜ ሚስት ወደ ወፍጮዋ ተመለሰች። ያን ቀን አልበላችም፤ በማግስቱም አልበላችም። ቁርጠት ጀመራት። በሁለተኛው ቀን ተነሥታ «ቤተ ክርስቲያን እሄዳለሁ» አለች። ምን ልትጠይቅ እንደምትሄድ ሁለታችንም አውቀናል።

የነፍስ አባታችን አጭር፣ ቁጡ ሽማግሌ ነበሩ። አንድ ባላባት ልጃቸውን ለመዳር ብለው ዕድሜዋን በሁለት ዓመት ጨምረው ይመስክሩልኝ ቢሏቸው በሕዝብ መካከል ያዋረዷቸው ሰው ናቸው። ወንድሜ መሞቱንም አያውቁም። ቀድሜ ላገኛቸው ሮጥኩ፤ ቅዳሴ ውስጥ ናቸው፣ ማን ያስገባኛል። ቅዳሴው አልቆ ሲወጡ እሷ ቀደመችኝ። መስቀላቸውን ተሳልማ፣ «አባቴ፣ ዱር ላሉት ጾሙን ፈትተዋል የሚባለው እውነት ነው?» አለቻቸው።

 መጀመሪያ ፊቷን፣ ቀጥሎ ሆዷን አዩ። ከዚያ በትከሻዋ አሻግረው ተከትላት የመጣችውን እናቴን አዩ። እናቴ አልጠቀሰችም፣ ራሷንም አልነቀነቀችም። ዓይኗን ብቻ መሬት ጣለች።

«አዎን» አሉ። «ፈትቻለሁ።»

«ተመስገን!» አለች የወንድሜ ሚስት። «እኔ እኮ ሌላ ነገር አስቤ ነበር።» እዚያው ደጀ ሰላሙ አጠገብ ተቀመጠች፤ ወዲያው ቆሎ ስጡኝ አለች።

እኛን ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ጠሩን። «መቼ ነው?» አሉ። እናቴ «በሰኔ» አለች። «በሰኔ! ሁለት ወር ሙሉ ያለ ፍትሐት አጋድማችሁት?» በንዴት መቋሚያቸውን መሬት ላይ መቱ። ከዚያ «አንዲት እንባ እንዳትወጣችሁ፤ ደጅ ትጠብቃችኋለች» አሉንና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው እዚያው፣ ጭቃ ላይ ቆመን፣ ለወንድሜ ፍትሐት አደረሱለት። እናቴ ከንፈሯን ነክሳ ጨረሰችው። እኔ ግድግዳውን አየሁ።

ሲጨርሱ የእርጎውን ወሬ የፈጠርኩት እኔ መሆኔን ነገርኳቸው፤ ወደኔ ዞሩ። «አንች ልጅ፣ ዋሽተሽ አስዋሸሽኝ። አሁን እውነት እናድርገው። ሂጂና ንገሪያቸው፤ ዱር ያሉት ጾም ተፈትቶላቸዋል፣ ያገኙትን ይብሉ። እነሱ የሚፈቱትን እኔ እጾምላቸዋለሁ።»

ሄጄ ነገርኳቸው። ሳማ ቀቅለው ሲበሉ ነው የደረስኩት። አንደኛው ተንበርክኮ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ አቅጣጫ ሰገደ። ፍልሰታ ሲፈታ አገሩ ቅቤ ሲቀምስ እሳቸው አልፈቱም። መስከረም ጠባ፣ አልፈቱም። ጉንጫቸው ጎደጎደ።

የጾም ነገር አይደበቅም። ቄስ ዱር ላሉት ጾም ፈታላቸው ሲባል አንዱ «ጽድቅ ነው» አለ፣ አንዱ «ክህደት ነው» አለ፤ ሽንዲ ገበያ ላይ ጨው የሚሸጡት እስላሞች እንኳ ያወሩት ነበር። ወሬው ገደል ሥር ካሉት ከሦስቱ ሰዎች ወደ ሌሎቹ ዱር ያሉ ሁሉ፣ ከእነሱ ወደ ገበያ፣ ከገበያ ቡሬ ምሽግ ደረሰ። ጣሊያን ስለ ጾም ግድ የለውም፤ ቄሱ ከሽፍታ ጋር መላላካቸው ግን ገባው። በጥቅምት ባንዶች መጡ። ሽማግሌው መራመድ ስላቃታቸው በበቅሎ ጭነው ወደ ቡሬ ወሰዷቸው። አልተመለሱም። ሬሳቸውም አልተሰጠንም።

የወንድሜ ሚስት «ለባሌ ብለው ነው፣ ለባሌ ብለው ነው» እያለች አለቀሰች፤ እናቴም አብራት። እኔ አላለቀስኩም። አንድ ቅል እርጎ፣ ያውም ማንም ያልጠጣው፣ ሽማግሌ ገደለ። እኔ ነኝ የገደልኳቸው፤ ሌላ ስም ልስጠው ብል ውሸት ነው። የወንድሜ ሚስት አየችኝና «አንች እቴ፣ ድንጋይ ነሽ» አለችኝ። አዎን ነኝ አልኩ በሆዴ።

በሚቀጥለው አሥራ አምስት ቀን አቁማዳውን አሰረችልኝ። «አባ መያዛቸውን እንዳትነግሪው፤ ልቡ ይሰበራል» አለችኝ። እኔን አስጠንቅቃ ለሱ ልትዋሽለት! ቁልቁለቱን ስወርድ እንደ እብድ ሳቅኩ። ሳቁ ሲያልቅ ተቀምጬ አቁማዳውን አቅፌ ቆየሁ። ልጥለው ፈልጌ ነበር። ግን እኔ ስመለስ ምን እንደምትጠይቀኝ አውቃለሁ፤ ተነሣሁ።

በኅዳር ወለደች። ወንድ፣ ደህና፣ ጯሂ። ሰባት ጊዜ እልል ተባለ። እናቴ በስድስተኛው ላይ ድምፅዋ ተሰበረ፤ ሰባተኛውን እኔ ጨረስኩላት። የወንድሜ ሚስት «በሚቀጥለው ስትሄጂ አፍንጫው የሱ ነው በይው» አለችኝ። እሺ አልኩ።

በአርባ ቀኑ ሌላ ቄስ ክርስትና አነሡት። በማግስቱ ጎሕ ሳይቀድ ጎረቤቱ ደጃችን ላይ ተሰበሰበ፤ ሳል ብቻ ይሰማል። ማርዳት የነበረባቸው የነፍስ አባታችን ናቸው፤ እሳቸው የሉም። ሽማግሎቹ እርስ በርስ ተያዩ። እናቴ በጣቷ ወደኔ አመለከተች። «የዋሸቻት ትንገራት» አለች። ክፋት አልነበረበትም፤ ለኔ ያለችው መስሎኛል፣ ይውጣልሽ ብላ።

ገባሁ። መደብ ላይ ተቀምጣ ታጠባለች። ከኔ ኋላ በሩ ላይ የቆሙትን አየች። እንዲህ ያለ ሰዓት ሰው በርህ ላይ ሲቆም ምን ማለት እንደሆነ አገራችን ውስጥ ለማንም ማስረዳት አያስፈልግም።

«ማን ነው?» አለችኝ።

ነገርኳት።

«መቼ?»

«በሰኔ።»

ዓይኗን ከኔ አላነሳችም። ከንፈሯ እየተንቀሳቀሰ ሐምሌን፣ ነሐሴን፣ መስከረምን ቆጠረች። ከዚያ ጡቷን ከልጁ አፍ ቀስ ብላ አወጣች፣ በጋቢው ጠቀለለችው፣ እግሩን ሸፈነችለት። ዘረጋችልኝ።

«ያዥልኝ» አለች።

ያዝኩላት። ወጥታ ጮኸች። ያን ጩኸት እስከ ዛሬ እሰማዋለሁ። እናቴ ሰባት ወር የባዳ ሬሳ ላይ የከፋፈለችውን ሁሉ በአንድ ጊዜ ለቀቀችው፤ ግቢው ሁሉ ለወንድሜ አለቀሰ፣ በስሙ እየጠራ። እኔም ያን ቀን ጠብቄ ነበር። ሰባት ወር ሙሉ፣ ያን ቀን ወጥቼ፣ ፀጉሬን ነጭቼ፣ መሬት ላይ ወድቄ እጮሃለሁ እያልኩ ነበር ዳገት ስወጣ የኖርኩት። ለወንድሜ፣ ለሽማግሌውም። አሁን ደግሞ ልጁ ክንዴ ላይ ነው፤ ጡቱን ስለነጠቁት ፊቱ ተጨማዶ ሊያለቅስ ነው። ብጮህ ይደነግጣል። መሬት ብወድቅ አብሮኝ ይወድቃል። የሚቀበለኝ ሰው ብፈልግ ሁሉም ደጅ ነው። ጨለማው ቤት ውስጥ ቆሜ፣ ዓይኔ ደርቆ፣ ወዲያና ወዲህ እያልኩ «እሹሩሩ፣ እሹሩሩ» አልኩት።