ለጸሎት ነው የምነግራችሁ

እትዬ ሜትር የሚለውን ስም ያወጡላት መዘምራኑ ናቸው። ልብስ ሰፊ ናትና ሜትሯ ከአንገቷ አይጠፋም፤ ሰው ቆሞ ሰላም ሲላት እሷ በዓይኗ ትከሻውን ለክታ ጨርሳለች። እሱስ ባልከፋ፣ ሙያዋ ነው። የከፋው ጠባይንም መለካቷ ነበር። የማን ቀሚስ አጠረ፣ ማን ከማን ጋር ታየ፣ ማን ስብከት ላይ አንቀላፋ፣ አንዱም አያመልጣትም። «የጌታ ቤት ንጹሕ ሆኖ ይጠበቅ እንጂ!» ትላለች። ጡረታ የወጣው ሹፌር ባሏ ደግሞ፣ «አንቺ ሴትዮ፣ ጌታ ትራፊክ አድርጎ ሾመሽ እንዴ?» እያለ ይቀልድባታል። አትስቅለትም።

ክፉ ግን አልነበረችም፤ ይህን ሳልናገር ባልፍ ግፍ ይሆንብኛል። የመዘምራኑን ጋዋን በሙሉ በነፃ የምትሰፋው እሷ ናት። በየጎኑም ጨርቅ አትርፋ ወደ ውስጥ ታጥፋለች። ለምን ሲሏት፣ «ሰው መቼም ይወፍራል፣ ይከሳል፤ ዛሬ በልኩ ብቻ ሰፍቼ ነገ ላሳቅቀው?» ትላለች።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከመዘምራኑ ድምፀ መረዋዋ ልጅ ጋዋኗን በክንዷ ይዛ መጣች። እናት አባት የላትም፤ ከአንዲት ፀጉር ሠሪ ጓደኛዋ ጋር አንዲት ክፍል ተከራይታ ትኖራለች። ይህች ልጅ ስትዘምር እትዬ ሜትር ራሷ መሐረብ ፍለጋ ቦርሳዋን ትበረብራለች።

«እትዬ፣ ጎኑን ትንሽ ያስፉልኝ።»

ጎኑ በቅርቡ ሰፍቶላታል። እትዬ ሜትር ሜትሯን በልጅቱ ወገብ ላይ ስታዞር ልጅቱ ሆዷን ወደ ውስጥ ሳበች። ያኔ ገባት። እጇ እዚያው ቀረ፤ ልጅቱም ማልቀስ ጀመረች።

«ሰውየው ስልኩን ዘግቷል» አለች። «ከጓደኛዬና ከእርስዎ በቀር የሚያውቅ የለም። ለመጋቢው እኔው ራሴ እነግራቸዋለሁ፤ ልቤ እስኪጠና ድረስ ብቻ ይታገሡኝ።»

«ከእኔ አይወጣም፣ ልጄ» አለች እትዬ ሜትር። ስትናገረው ከልቧ ነበር። የታጠፈውን ጨርቅ ፈትታ፣ አስፍታ፣ ተኩሳ ሰጠቻት።

ምስጢሩ ግን ይከነክናት ጀመር። ኃጢአት አይቶ ዝም ማለት መተባበር አይደለም ወይ? እንዲህ እንዲህ እያለች ሰነበተችና የሴቶች ጸሎት ላይ ተነሥታ፣ «እህቶቼ፣ ለጸሎት ነው የምነግራችሁ» አለች። «ስም አልጠራም። ከዘማሪዎቻችን አንዷ ልብሷ እየጠበባት ነው።»

ስም ባለመጥራቷ እንኳ በልቧ ራሷን አመስግናለች። ስም ምን ሊያደርግ! ሴቶቹ ዘማሪዎች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነውና፣ ወሬው ሳምንት ሳይሞላው የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌዎች ጋ ደረሰ።

እሑድ ዕለት ልጅቱን ጉባኤው ፊት አቆሟትና ከአገልግሎት መታገዷን ተናገሩ። ጋዋኑን እዚያው አውልቃ፣ በሥነ ሥርዓት አጣጥፋ ወንበሩ ላይ አኖረችው። የሰፋው ጎን ወደ ውጭ ተገልብጦ ይታይ ነበር። እትዬ ሜትር ስፌቷን ከተቀመጠችበት ለየችው፤ ከዚያ በኋላ የተሰበከው ሁሉ አልተሰማትም።

ቤት ሲገቡ ባሏ ጫማውን እያወለቀ፣ «አንቺ ነሽ?» አላት።

«ስም አልጠራሁም።»

«እኔ መች ስለ ስም ጠየቅኩሽ» አለ። ያን ቀን ሳይቀልድ ዋለ።

ወራት አልፈው፣ ልጅቱ ሆዷ ገፍቶ እንደገና መጣች። ለስላሳ ነጭ ጨርቅ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች። የሕፃን ልብስ ሊሰፋላት ነው። ብቻዋን ቤት እንደተከራየች ነገረቻት።

«ጓደኛሽስ?»

«የሸጠችኝ እሷ አይደለችም? ደጄ ድረስ መጥታ አልቅሳለች፤ አልከፈትኩላትም። ሌላ ማን ያውቅ ነበር? እርስዎ እንደሆኑ እናቴ ነዎት።» ከዚያ አቀርቅራ፣ «ምጥ ሲመጣብኝ አብረውኝ ሐኪም ቤት ይሄዳሉ?» አለች።

እሺ ማለት እንዴት አማራት! እሺ ብትል እናት ትሆናለች፣ የበደለችውን ትክሳለች፣ ማንም አያውቅባትም። ያቺ ምስኪን ፀጉር ሠሪ ብቻ በሰው ጥፋት ከሃዲ ተብላ ትቀራለች። እትዬ ሜትር ጨርቁን ለስለስ አድርጋ ዳበሰችው።

«ጓደኛሽ አይደለችም፣ ልጄ። እኔ ነኝ።»

ልጅቱ አልገባትም። «እርስዎ ምን?»

«የሴቶች ጸሎት ላይ ተናገርኩ። ስም እንኳ አልጠራ...» አለችና በራሷ አፍ አፈረች፤ አልጨረሰችውም።

ልጅቱ ትጮሃለች፣ ትሰድበኛለች ብላ ጠብቃ ነበር። ብትሰድባት በወደደች ነበር! ልጅቱ ግን ረጋ ብላ ጠየቀቻት።

«ለጸሎት ነው የተናገሩት?»

«አዎ።»

«ታዲያ ጸለያችሁልኝ?»

እትዬ ሜትር ያን የጸሎት ምሽት አስታወሰችው። አንዷ እከሊት ትሆን ስትል፣ ሌላዋ እኔ እኮ ድሮም ጠርጥሬ ነበር ስትል፣ እሷም አዎም አይደለምም ሳትል በቅንድቧ ስትመልስ፣ ሰዓቱ ሄዶ ነበር። ተባርከው ወደየቤታቸው ሄዱ።

«አልጸለይንም» አለች። «ማን ትሆን፣ ማን ትሆን ስንባባል መሸብን።»

ልጅቱ ነጩን ጨርቅ ሰብስባ አቀፈችውና ወጣች። እትዬ ሜትር በመስኮት ተከተለቻት። ወደ ቤቷ የሚወስደውን መንገድ አልፋ፣ ሆዷን ደግፋ ቀስ እያለች ወደ ጓደኛዋ ፀጉር ቤት ታጠፈች።

ባሏ ሲገባ እትዬ ሜትርን የስፌት መኪናዋ ሥር ተንበርክካ አገኛት። የወደቀ መርፌ የምትፈልግ መስሎት ሊያግዛት ጎንበስ ሲል የልጅቱን ስም ስትጠራ ሰማት። ደጋግማ ትጠራዋለች። ከስሟ ሌላ የምትለው ጠፍቷት ነበር።