የበረኛዋ ቀሚስ

ጣልያን ደሴን በያዘበት ዘመን ከሰፈሬ ከሆጤ ልጆች ጋር የጨርቅ ኳስ እጫወት ነበር። ሴት እኔ ብቻ ነበርኩ። ሁልጊዜ በረኛ የሚያደርጉኝ ለችሎታዬ አልነበረም፤ በእግሬ መሀል ሊያልፍ የሚመጣውን ኳስ ሰፊው ቀሚሴ ስለሚያስቀረው ነው። ወደ ፊት ልጫወት ስል የቡድናችን አለቃ፣ "ሴት ልጅ ደግሞ ምን ሩጫ ታውቃለች!" እያለ ይስቅብኛል።

አንድ ቀን ከሰኞ ገበያ ሰፈር ልጆች ጋር ገጠምን። ቀሚሴ ኳሱን ደጋግሞ ሲያስቀርባቸው አንዱ ተናደደ።

"ወላሂ፣ ይቺ መጋረጃ ናት እንጂ በረኛ አይደለችም! ትውጣልን!"

የእኛዎቹ መሬት መሬት ያያሉ። አንድ እንኳ የሚሟገትልኝ ጠፋ! ደሜ ፈላ። ከሥር የወንድሜን ቁምጣ ለብሼ ስለነበር፣ ቀሚሴን ወደ ላይ ሰብስቤ በመቀነቴ ጥፍር አድርጌ አሰርኩት።

"ይኸው፣ መጋረጃው ተነሣ" አልኩና ማንንም ሳላስፈቅድ ወደ ፊት ወጣሁ። ኳሱን ከዚያው ከተሳዳቢው እግር ነጥቄ አገባሁባቸው።

በማግስቱ ሜዳ ስደርስ አለቃችን በራችን ላይ ቆሞ ይጠብቀኛል።

"ነይ፣ ቦታሽን ያዢ" አለኝ።

"የእኔ ቦታ ያ ነው" ብዬ የወዲያኛውን በር አሳየሁት። "ይኼን አንተ ጠብቅ።"