ያሸነፈ ይነሳል

ካዛንቺስ ባለው ቤቴ ሃያ ዓመት ያህል ታይፕ አስተምሬያለሁ። ኮምፒውተር መጥቶ ተማሪ ሲጠፋ የጽሕፈት መኪናዎቹን አወጣሁና በቦታቸው አራት ቴሌቪዥን አስቀምጬ ቤቱን ፕሌይስቴሽን ቤት አደረግኩት። ባለቤቴ ከሞተ ቆይቷል፤ የማማክረው ሰው አልነበረኝም። ሳይጠየቅ የሚመክር ግን ነበረኝ፦ የባለቤቴ ታናሽ ወንድም።

«እትዬ፣ በዚህ ዕድሜዎ ከጎረምሳ ጋር ኳስ ሊራገጡ ነው?» አለኝ ሰው በተሰበሰበበት።

ዓመት ሳይሞላ ደምበል አካባቢ እሱም ፕሌይስቴሽን ቤት ከፈተ። ወንበሮቹ ቆዳ ነበሩ።

በየትኛውም ፕሌይስቴሽን ቤት ሕጉ አንድ ነው፦ የተሸነፈ ይነሳል። ደካማው አምስት ደቂቃ ተጫውቶ ቀኑን ሙሉ ግድግዳ ተደግፎ ያያል፤ ጎበዙ ደግሞ ከደካማ ጋር ብቻ እየተጫወተ ይሰንፋል። እኔ ታይፕ ሳስተምር ቀርፋፋዋን አስነስቼ ፈጣኗን አስቀምጬ አላውቅም። ስለዚህ ሕጉን ገለበጥኩት። በእኔ ቤት ያሸነፈ ይነሳል፤ የተሸነፈ ተቀምጦ ይማራል።

ሁለተኛው ነገር ጨርቁ ነው። ድሮ ተማሪዎቼ ፊደሉን እንዳያዩ እጃቸውን በጨርቅ እሸፍን ነበር። ያንኑ ጨርቅ አውጥቼ ጆይስቲክ የያዘ እጅ ላይ ጣል አደርግ ጀመር። ሳቁብኝ። ይሳቁ።

ከሁሉም የሚበልጠው ፈጣን ልጅ ጨርቁን የቻለው ሁለት ሳምንት ነው።

«እማማ፣ ማለቴ፣ አሸንፌ የምነሳ ከሆነ ለምን አሸንፋለሁ? በቃ ይሄ ነገር አይገባኝም።»

«የሚገባህ ስትሸነፍ ነው» አልኩት። በማግስቱ ደምበል ሄደ።

የባለቤቴ ወንድም በሩ ላይ «የጌም አሰልጣኝ» የሚል ሰሌዳ ሰቀለ። ልጁንም ለመጣ ሰው ሁሉ እያሳየ «ከዜሮ ያነሳሁት እኔ ነኝ» ይል ነበር። ኳሱን አቁሞ ማየት ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ይህን የሰማሁ ቀን ንዴቴን ለኋላ አስቀመጥኩት። መናገር ያበርዳል።

ቂርቆስ ያለው የወጣቶች ማዕከል ቅዳሜ ቅዳሜ ተጫዋቾች የሚሠለጥኑበት አዳራሽ እሰጣለሁ ሲል ሁለታችንም ጠየቅን። ከየቤታችሁ አንድ አንድ ተጫዋች አምጡ፣ ያሸነፈው አሰልጣኝ አዳራሹን ይወስዳል ተባልን። እውነቱን ለመናገር አዳራሹ አላጓጓኝም። የፈለግኩት ያ ሰሌዳ ሲወርድ ማየት ነው።

የጨዋታውን ዕቃ ማን ያምጣ ተብሎ ዕጣ ሲወጣ ለእኔ ደረሰኝ። የቤቴ ጆይስቲኮች ብዙ እጅ ያለፈባቸው ናቸው፤ ቁልፎቹ ላይ የነበሩት ምልክቶች በሙሉ ጠፍተዋል። ሁለት አዳዲስ ደግሞ ከነካርቶናቸው ቁም ሳጥን ውስጥ ነበሩኝ። ቁም ሳጥኑን ከፍቼ አየኋቸው። መልሼ ቆለፍኩት።

እኔ ይዤ የቀረብኩት ሜክሲኮ አካባቢ የሚሠራ ልብስ ሰፊ ነው፤ ከእኔ ቤት በቀር የትም ወንበር የማይበረክትለት ቀርፋፋ ሰው። የባለቤቴ ወንድም አየውና «እትዬ፣ ቀሚስ ሊያሰፉ ነው የመጡት?» አለ። አዳራሹ ሳቀ። ልብስ ሰፊውም አብሮ ሳቀ፤ ዓይኑን ግን ከቴሌቪዥኑ አላነሳም።

ፈጣኑ ልጅ ጥሩ ጀመረ። የመጀመሪያው ጎል ሲገባበት ግን እንደ ልማዱ ወደ እጁ አጎነበሰ። የሚያየው ምልክት የለም። ቀና ሲል ኳሱ ከተጫዋቹ እግር ወጥቷል። ደግሞ አጎነበሰ። ሁለተኛው ገባ።

«ይሄ ዕቃ ነው? ቁልፉ እንኳ አይለይም!» ብሎ የባለቤቴ ወንድም ተነሳ።

«የኔም ሰው የያዘው ያንኑ ነው» አልኩት። «አሰልጣኝ አይደለህ? አሠልጥነዋ።»

በዚያ መካከል ልጁ ዞሮ አየኝ። ሁለት ሳምንት ቤቴ ስለቆየ አዳዲሶቹ የት እንዳሉ ያውቃል። አፉን ከፈተና መልሶ ዘጋው። ሁለት ለባዶ አለቀ።

ሰሌዳው በሳምንቱ ወረደ። ለማየት ደምበል ድረስ በእግሬ ሄጃለሁ።

አዳራሹን የተረከብኩ ቅዳሜ ፈጣኑ ልጅ ከሁሉ ቀድሞ መጥቶ ወንበር ላይ ተቀምጦ አገኘሁት።

«የተሸነፈ ይቀመጣል አላሉም፣ እማማ?»

ሕጉ የራሴ ነው፤ ምን ልበል። ስለ ቁም ሳጥኑ አልጠየቀኝም፤ እኔም አልነገርኩትም። ሁለቱን እጆቹን ዘረጋ፣ ጨርቁን ጣል አደረግኩበት። ሰዎች ይቅር ባይ ነች አሉኝ። አይደለሁም። ወደ ቂርቆስ ለመምጣት ልጁ በየቅዳሜው፣ የባለቤቴ ወንድም እያየው፣ በበሩ ማለፍ ነበረበት።