«ፋጡ» ላይ የቆመ ስም

በአክስቴ ቀብር ዘመዶች ከጉድጓዱ አጠገብ፣ የደሴ ምእመናን ከኋላችን፣ ከቦሩ ሜዳ የመጡት ተማሪዎቻቸው አጥሩ ጋ ቆመን ነበር። አክስቴ ጎልማሶችን ሲያስተምሩ ከ«ሀ» አይጀምሩም፤ «ሰው መጀመሪያ የራሱን ስም ይጻፍ» ይሉ ነበር።

ቀብሩ ሲያበቃ አንዲት ተማሪያቸው ፋጡማ ቀረበችኝ።

«ጀሊሉ ያጥናዎት። እኔን ግን ‹ፋጡ› ላይ ጥለውኝ ሄዱ። ‹ማ›ን ማን ያሳየኛል?»

«እኔ አስተማሪ አይደለሁም» አልኋት።

«ፊደሉን ያውቁት የለ!»

እንጨት አንስቼ አፈሩ ላይ «ማ»ን ጻፍሁላት። አጎንብሳ ከጎኑ ስትደግመው እግሩ አጥሮ «መ» ሆነባት። እንዲህ ሲሆን እጅ ይዘው የሚያቃኑት አክስቴ ነበሩ። እጇን ያዝሁ።

ከዚያ ብቻዋን «ፋጡማ» ብላ ጻፈች። ጥቂት አየችውና ሻርፗን አስተካክላ ወደ ሚኒባሱ ሄደች።